ዓሣው የታለ? በእጅ የተሳለ የሠርግ ጋሻ አሠርቼ ያየሁት

ልብስ ሰፊ ነኝ። እንግሊዝ አገር፣ ኖርዊች ውስጥ፣ ሦስት ሆነን ልብስ እናሳጥራለን፣ እናጠብባለን፣ እንቀይራለን። ከሦስታችን አንዱ፣ ጨርቅ ቆራጩ ባልደረባችን፣ ባለፈው መስከረም አገባ። እሱ የግሬት ያርመዝ ልጅ ነው። ከእኛ በስተምሥራቅ፣ ባሕሩ ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። ሙሽራዋ ደግሞ የጄኔቫ ልጅ ናት። ስጦታውን ማሰብ የእኔ ድርሻ ሆነ። የሁለቱን ከተሞች አርማ በአንድ የጋሻ ሥዕል ላይ አጣምሬ፣ በእጅ አሠርቼ ልሰጣቸው ወሰንኩ።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ሥራና ስለሠሩት ሠዓሊ ነው። ስማቸውን አልጠቅስም። ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን የሚሠሩ የግል ሰው ናቸው። ግን እንዲህ ያለ ሥራ ማሠራት የሚያስብ ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ ምን መጠንቀቅ እንዳለበት ከእኔ ልምድ ያገኛል።

መጀመሪያ የተሳሳተ በር አንኳኩቼ ነበር። ኢንተርኔት ላይ የአባት ስም ብቻ ጽፈህ የቤተሰብ አርማ የሚልክልህ ሱቅ አለ። የሁለቱንም ስም ጻፍኩ። 45 ፓውንድ ከፈልኩ። በሳምንቱ እንጨት ላይ የተለጠፈ የታተመ ጋሻ መጣ። መሃሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ የሁለቱ ስሞች አርማ ተጋጥሞበታል። በአንዱ ወገን አንድ ሰያፍ መስመር አለ። በሌላው ወገን የአንድ አውሬ ጀርባና ጭራ አለ። ጭንቅላት የለውም። አውሬው ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መልሱ «አሠራሩ እንዲህ ነው» የሚል አንድ መስመር ነበር። ገንዘቤንም አልመለሱም።

ያንን ጋሻ ይዤ ነው ሠዓሊዋ ቤት የሄድኩት። ስድሳዎቹን የተሻገሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። ጋሻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና ዝም ብለው አዩት። ከዚያ፣ «ልጄ፣ አርማ የአባት ስም ንብረት አይደለም» አሉኝ። በእንግሊዝ ሥርዓት አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ተቋም ነው። ከሰውየው ወደ ተወላጆቹ ይወርዳል። ያው ስም ያለው ሰው ሁሉ አይካፈለውም። በእንግሊዝ ይህን የሚቆጣጠረው በ1484 የተቋቋመው ለንደን ያለው የአርማ ኮሌጅ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ስኮትላንድ የራሷ አለቃ አላት፤ ሎርድ ላየን ይባላል።

ስለዚህ 45 ፓውንድ የከፈልኩበት አርማ የባልደረባዬም የሚስቱም አልነበረም። በዚህ በጣም አዘንኩ። ሊሰጥ የነበረው ለሠርግ ነው። የሌላ ሰው ንብረት ጠቅልዬ ልሰጥ ነበር።

ሰያፉን መስመር ደግሞ በእርሳስ አስረዱኝ። በጋሻ ላይ ሼቭሮን የሚባል ቅርጽ አለ። እንደ ጣሪያ ሹል ሆኖ ወደ ሁለት ወገን የሚወርድ ነው። መሃሉን ቆርጠህ ግማሹን ብቻ ስታስቀር አንዱ ክንፍ ብቻ ይቀራል። ያ ደግሞ ቤንድ የሚባለውን ሌላ ቅርጽ ይመስላል። ያየው ሰው ሌላ ቤተሰብ ያነብበታል። ሱቁ ያልገባው ይህ ነው። ቆርጦ አጋጠመ፤ የተቆረጠው ነገር ምን እንደሚሆን አላሰበም።

እኔ ይህን ስሰማ ገባኝ። ባለ መስመር ጨርቅ ቆርጦ መሃል ጀርባ ላይ የገጠመ ሰው ያውቀዋል። መቀሱ አይደለም ከባዱ። ከስፌቱ በኋላ ዓይን ምን ብሎ እንደሚያነበው ነው ከባዱ።

ሠዓሊዋን የወደድኳቸው ከዚህ ጀምሮ ነው። ሥራ ከመቀበላቸው በፊት አንድ ሰዓት ያህል አስተማሩኝ። አላስከፈሉኝም። ከአሮጌ ክላሰር ሥዕል እያወጡ አሳዩኝ። ያሳዩኝን ጥቂቱን እዚህ ላምጣው፤ ያለሱ የሥራው ዋጋ አይገባም።

አንደኛ፣ የጋሻ ቀኝ የያዘው ሰው ቀኝ ነው። ፊት ለፊት ለሚያየው ግራ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ይህን ሳይነገረው ይረዳል። የኮት ቀኝ እጅጌ የለባሹ ቀኝ ነው፤ የኔ አይደለም። ባልና ሚስት ሲጣመሩ የባል በጋሻው ቀኝ፣ የሚስት በግራ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ቀኝና ግራ ስል የጋሻውን ነው።

ሁለተኛ፣ ሁለት አርማን ለማጣመር መጀመሪያ የመጣው ዘዴ መግመስ ነው። ዲሚዲዬሽን ይሉታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ የተለመደ ነው። የባልን ጋሻ መሃሉ ላይ ቆርጠህ ቀኝ ግማሹን ትወስዳለህ። ከሚስት ግራ ግማሹን ትወስዳለህ። ታጋጥማቸዋለህ። በቃ። ቀላል ነው፤ ውጤቱም ያምራል። ግን ብዙ ነገር ይጠፋል። የሼቭሮኑን አይተናል። በአራት የተከፈለ ጋሻ ሲገመስም እንዲሁ ነው። የድሮዎቹን የስፔን መንግሥታት፣ የካስቲልንና የሊዮንን ጋሻ ውሰድ። ግንብና አንበሳ በአራት ቤት ተፈራርቀው የተቀመጡበት የታወቀ ጋሻ ነው። ቀኝ ግማሹን ብቻ ካስቀረህ ከላይ አንድ ግንብ፣ ከታች አንድ አንበሳ ይቀራል። አራት የነበረው ሁለት ሆነ። ያላየው ሰው ከመጀመሪያው አራት እንደነበር በምን ያውቃል?

ለዚህ ነው መግመስ ቀስ በቀስ የቀረው። በቦታው ሌላ ዘዴ መጣ። ኢምፔልመንት ይባላል። እኔ ጎን ለጎን ማስፈር ብዬዋለሁ። ጋሻው ለሁለት ይከፈላል፤ ግን ማንም አይቆረጥም። ሁለቱም ሙሉ አርማቸው እየጠበበ በየግማሻቸው ይገባል። መግመስ መቀስ ነው። ማስፈር ማጥበብ ነው። በእኔ ሙያ ደንበኛ ሁለቱን ሲያምታታ ዕዳው ብዙ ነው፤ እዚህም እንደዚያው ነው።

የሚገርመው፣ ማስፈር የመግመስን ጠባሳ ተሸክሞ ቀርቷል። በጋሻ ጠርዝ ዙሪያ የሚሄድ ጥለት ካለ፣ ጎን ለጎን ሲሰፍር ጥለቱ መሃል ስፌቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ዙሪያውን አይጨርስም። ሠዓሊዋ ያሳዩኝ በ1707 እንግሊዝና ስኮትላንድ ሲዋሐዱ የወጣውን የነገሥታቱን አርማ ነው። የእንግሊዝ ሦስት አንበሶችና የስኮትላንድ አንበሳ በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ሰፍረዋል። የስኮትላንዱን አንበሳ የሚከብበው ባለ አበባ ድርብ መስመር ግን መሃል ላይ ሲደርስ ተቆርጧል። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልማዱ ከመቀሱ ዘመን የቀረ ነው» አሉኝ። ይህችን መልስ ቤቴ ገብቼም አልረሳኋትም።

ካሳዩኝ የተገመሱ ጋሻዎች ሁሉ ሁለቱን እጅግ ወደድኳቸው። አንዱ የካምብሪጁ ፔምብሩክ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁን በ1347 ያቋቋመችው ሜሪ ደ ሴንት ፖል ናት፤ የፔምብሩክ አርል የነበረው የኤይመር ደ ቫሌንስ ባለቤት። የሷና የባሏ አርማ ተገምሶ የተጋጠመበት ጋሻ ዛሬም የኮሌጁ ነው። በባል በኩል ነጭና ሰማያዊ አግድም መስመሮች አሉ። በዳር በዳር ቀያይ ትንንሽ ወፎች ተደርድረዋል። የወፎቹ ዙር መሃል ላይ ሲደርስ ይቋረጣል፤ ቀሪዎቹ ወፎች የሉም። ባሏ የሞተው በ1324 ነው። ኮሌጁን ስታቆም ከሃያ ዓመት በላይ መበለት ነበረች። የሁለቱ ጋሻ ግን እስካሁን አልተለያየም።

ሁለተኛው የሲንክ ፖርትስ ነው። ለእንግሊዝ ንጉሥ መርከብ ያቀርቡ የነበሩ የደቡብ ምሥራቅ ወደቦች ኅብረት ነው። ሄስቲንግስ፣ ኒው ሮምኒ፣ ሃይዝ፣ ዶቨር፣ ሳንድዊች። የንጉሡ ሦስት አንበሶች ከሦስት መርከቦች ጋር ተገምሰዋል። ፊቱ አንበሳ፣ ኋላው የመርከብ ቀፎ። እንስሳው ይራመዳል፤ ጅራቱ ባሕር ላይ ነው። በሄስቲንግስ አርማ ላይ ደግሞ መሃለኛው አንበሳ አልተቆረጠም፣ ሙሉ ነው። ከላይና ከታች ያሉት ብቻ መርከብ ይሆናሉ። ለረጅም ጊዜ አየሁት። ግማሽ ጎፈሬ ግማሽ ልጩ የምንለው ዓይነት ነገር ይመስላል፤ ግን ሲውል ሲያድር አንድ ፍጡር ሆኗል።

ወደ እኔ ሥራ ልመለስ። ያላወቅኩት ነገር ይህ ነበር፦ ያርመዝም ጄኔቫም አርማቸው ራሱ የተገመሰ ነው።

የያርመዝ ጋሻ ቀኙ ቀይ፣ ግራው ሰማያዊ ነው። ሦስት ፍጥረቶች ከላይ ወደ ታች ተደርድረዋል። ፊታቸው የወርቅ አንበሳ ነው። ከወገብ በኋላ የብር ዓሣ ናቸው። ዓሣው ሄሪንግ ነው፤ ከተማዋ ለብዙ መቶ ዓመት የኖረችበት። ቀድሞ አርማዋ ሦስት የብር ሄሪንግ በሰማያዊ ላይ ብቻ ነበር። ኋላ የንጉሡ አንበሶች ተጨመሩና ዓሦቹ ግማሻቸውን ለቀቁ። በከተማዋ የሚነገረው፣ በ1340 በስሉይስ የባሕር ጦርነት መርከብ ስላዋጣች ሦስተኛው ኤድዋርድ በምስጋና ሰጣት የሚል ነው።

የጄኔቫ ጋሻ ቀኙ ወርቅ፣ ግራው ቀይ ነው። በወርቁ ላይ ግማሽ ጥቁር ንስር አለ፤ የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ንስር ነው። በቀዩ ላይ አንድ የወርቅ ቁልፍ ቆሟል። እሱ የቅዱስ ጴጥሮስ ቁልፍ ነው፤ ካቴድራሉ በስሙ ነው። ንስሩ ወደ ጋሻው ቀኝ ስለሚያይ ሲገመስ ምንቃሩ አልጠፋም።

እንግዲህ ግማሽና ግማሽ የሆነውን እንደገና ብትገምሰው ምን ይቀራል?

ሠዓሊዋ ሦስት ንድፍ በእርሳስ ሠሩልኝ። ይህን ሳይሠራ ወደ ቀለም የሚሄድ ሠዓሊ ካጋጠማችሁ ተዉት። ሦስቱንም ለማየት ሳምንት ጠበቅኩ። 30 ፓውንድ ቅድሚያ ከፈልኩ፤ ኋላ ከዋጋው ተቀነሰልኝ።

የመጀመሪያው መግመስ ነበር። እኔ የፈለግኩትም እሱን ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ መቀስ ደስ ይለኛል። ታሪኩም አጓጉቶኛል። የባል ቀኝ ግማሽ ሲወሰድ ሦስት የአንበሳ ፊቶች በቀይ ላይ ቀሩ። የሚስት ግራ ግማሽ ሲወሰድ አንድ ቁልፍ በቀይ ላይ ቀረ። ወርቅ በቀይ፣ ወርቅ በቀይ። ስፌቱ ጠፋ! ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቀይ ስለሆነ የት እንደተጋጠመ አይታይም። ከወገባቸው የተቆረጡ ሦስት አንበሶችና አንድ ቁልፍ ያሉበት አንድ ቀይ ጋሻ ሆነ። የማንም ያልሆነ አዲስ አርማ።

እኔ ግን አሁንም ልቤ እዚያው ነበር። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፤ ከሩቅ ያበራል። ቅዳሜ ለት የሙሽራው እናት ቀሚስ ልትለካ መጣች። ያርመዝ ተወልዳ ያርመዝ ያረጀች ሴት ናት። ምስጢር እንድትጠብቅ አስምዬ ንድፉን አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችው።

«ዓሣው የታለ?» አለችኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ዓሣውን ቆርጠን ጥለነዋል። ከያርመዝ ጋሻ ላይ የያርመዝ የሆነው ዓሣው ነው። አንበሳው የንጉሡ ነው፤ በስንት ከተማ ላይ አለ። ከጄኔቫም ንስሩ ሄዷል። አሠራሩ ትክክል ነው፣ ሕጉን ጠብቋል። ግን ልጇ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

ባልና ሚስቱን ብናቀያይርስ ብዬ ሠዓሊዋን ጠይቄ ነበር። የጄኔቫ በቀኝ፣ የያርመዝ በግራ ይሁን። ወዲያው በእርሳስ ጫር ጫር አድርገው አሳዩኝ። ግማሽ ንስር በወርቅ ላይ፣ ሦስት የዓሣ ጭራ በሰማያዊ ላይ። ዓሣው ተመለሰ፤ ግን ራስ የለውም፤ ከንስሩ ጀርባ የወጣ ይመስላል። ቁልፉም አንበሳውም የለም። ያምር ነበር። ግን ቦታ መቀያየሩ ራሱ ትርጉም አለው፤ እኔ ልለውጠው የሚገባኝ አልመሰለኝም።

ሦስተኛው ንድፍ ሁለት ጋሻ ጎን ለጎን ተጠግቶ የቆመበት ነው። አኮሌ ይሉታል። ሁለቱም ሙሉ፣ ሁለቱም በስፋታቸው። በጀርመን አገር እንዲህ ሲሆን የባል ጋሻ ላይ ያለው እንስሳ ፊቱን ወደ ሚስቱ ያዞራል፤ ጀርባ አይሰጣትም። ይህ በጣም ነካኝ። ግን የያርመዝ አንበሶች ከዞሩ ዓሣው ወደ ውጭ፣ አንበሳው ወደ ውስጥ ይሆናል። ጋሻው ሁሉ ይገለበጣል። ያርመዝ ውስጥ ላደገ ሰው ፊደል የተገለበጠ ያህል ነው። ደግሞም ሠርግ ነው፤ አንድ ጋሻ ነበር የፈለግኩት።

ስለዚህ ሁለተኛውን መረጥኩ፣ ማስፈሩን። ጋሻው ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 25 ነው። ለያንዳንዱ ከተማ 12 ከግማሽ ደረሰው። በየከተማው ውስጥ ደግሞ ሌላ ስፌት አለ፤ ስለዚህ አንበሳው የሚተርፈው ስድስት ሴንቲ ሜትር ከትንሽ ነው። ቁልፍ ይህን አይፈራም። ረጅምና ቀጭን ነው፤ ጠባብ ቦታ ይወዳል። ግማሹ ንስርም ወደ ላይ ስለሚዘረጋ ተመቸው። አንበሳ ግን የሚራመድ ነው፤ ወርድ ይፈልጋል። የማስፈሩ ንድፍ መጀመሪያ ሲሠራ አንበሶቹ የተቀመጡ መስለው ነበር። ሠዓሊዋ ራሳቸው አልወደዱትም። አንገቱን አሳጥረው፣ የፊት እግሩን ከፍ አድርገው ሠሩት። ተራመደ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰፊ ኮት ለቀጭን ሰው የቀየረ ሰው ኪሱ የት እንደሚውል ያውቃል፤ ሁሉን እኩል ካጠበብከው ኪሱ ጎድን ላይ ይወጣል።

የሚቀጥለው ምርጫ የሚሳልበት ነገር ነበር። ወረቀት ወይም ብራና። ወረቀቱ 290 ፓውንድ፣ የጥጃ ብራናው 420። ብራናውን መረጥኩ። ብራና እርጥበት ሲያገኝ ይጨማደዳል፤ ስለዚህ በሰሌዳ ላይ ወጥረው አጣበቁት። ከዚያ ወርቁ ይቀድማል፣ ቀለሙ ይከተላል። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ የወርቁ ቅጠል ሙጫ ባለበት ቀለም ላይ ሁሉ ይጣበቃል አሉኝ። መጀመሪያ ጄሶ በተባለ ወፍራም ነጭ ለጥ ያለ ቦታ ያበጃሉ። ሲደርቅ በቀጭን ቱቦ ይተነፍሱበታል። ትንፋሹ ያረጥበዋል፤ ወርቁ ወዲያው ይይዛል። የወርቁ ቅጠል 8 በ8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ መስኮት ከተከፈተ ይበርራል። በመጨረሻ በአጌት ድንጋይ ይወለወላል። ያኔ ነው ወርቅ የሚሆነው። ከዚያ በፊት ቢጫ ወረቀት ይመስላል።

ለዓሦቹ ምን እናድርግ የሚለው ጥያቄ ነበር። ብር ይጠቁራል። ንጹሕ የብር ቅጠል ካስቀመጥክ ከጊዜ በኋላ ጥቁር ዓሣ ይኖርሃል። ብዙዎች ነጭ ቀለም ወይም አሉሚኒየም ይጠቀማሉ። ሠዓሊዋ ፓላዲየም የሚባል የማይጠቁር ብረት ሐሳብ አቀረቡ፤ 35 ፓውንድ ተጨማሪ። ከፈልኩ። የሙሽራው እናት ዓይን ፊቴ ላይ ነበር። ዓሣው ላይ ገንዘብ መቆጠብ አልቻልኩም።

ሠዓሊዋ እምቢ ያሉኝ ሁለት ነገርም አለ። አንደኛ፣ የሙሽሮቹን የአባት ስም ከጋሻው በታች ጻፉልኝ አልኳቸው። አይሆንም አሉ። ይህ የሁለት ከተሞች አርማ ነው፣ የባለትዳሮቹ አይደለም። ስማቸው ከሥር ከተጻፈ ሐሰት ይሆናል አሉ። በምትኩ «ግሬት ያርመዝ» እና «ጄኔቫ» ብለው በትንሽ ቀይ ፊደል ጻፉ። ሁለተኛ፣ ከላይ የራስ ቁር ጠየቅኳቸው፤ እሱንም እምቢ አሉ። ያን ጊዜ ቅር ብሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ገንዘብ እየተሰጠው እምቢ ያለ ባለሙያ ነው ዋጋ ያለው። ሁለቱ ከፈለጉ አንድ ቀን ከአርማ ኮሌጅ የራሳቸውን ይጠይቁ፤ ያኔ የእነሱ ይሆናል አሉኝ።

አሁን ቅሬታዬን። ስድስት ሳምንት ብለውኝ አሥራ አንድ ቀን ዘገዩ። ሠርጉ ቅዳሜ ነበር፤ ጋሻው ሐሙስ ደረሰ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ደውለው የነገሩኝ፤ እሱም የቀጠሮው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ጄሶው በዝናብ ሰሞን አልደርቅ ብሎ ነው አሉኝ። እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሠርግ ቀኑን አያዛውርም። ቀድመው ቢነግሩኝ እኔም አልጨነቅም ነበር።

ፍሬሙ ደግሞ ለብቻ 60 ፓውንድ ነው። ይህን መጀመሪያ ላይ አልነገሩኝም። ብራናና ወርቅ መስታወቱን መንካት የለባቸውም፤ በመካከል ክፍተት ያስፈልጋል። ስለዚህ ተራ ፍሬም አይሆንም። ምክንያቱ ገብቶኛል፤ ግን ዋጋው ከመጀመሪያው ሊነገረኝ ይገባ ነበር። በድምሩ 515 ፓውንድ ወጣ። ሦስት ሆነን ተካፈልነው፤ ሙሽራውን ሳልቆጥር ሁለታችንና እናቱ ማለቴ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ የንድፉ ነው፤ የእኔም ምርጫ አለበት። ጋሻው ከሩቅ ሲታይ አራት ቀጥ ያሉ ቀለማት ይመስላል፦ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ወርቅ፣ ቀይ። ሁለት አርማ መሆኑን ለማያውቅ ሰው አራት ነው። ሠዓሊዋ መሃለኛውን መስመር ከሌሎቹ ትንሽ አወፍረው በጥቁር አሰመሩት። ቀረብ ስትል ይረዳል። ከክፍሉ ማዶ ግን አይረዳም። ሁለት የተገመሱ አርማዎችን ጎን ለጎን ማስፈር የግድ ይህን ያመጣል። ተራ አርማ ያላቸው ሁለት ሰዎች ይህ ችግር አይገጥማቸውም። ዳርና ዳሩ ቀይ መሆኑ ግን ጋሻውን ይዘጋዋል፤ እንደ ኮት ሁለት ገበር ከግራና ከቀኝ ይይዘዋል። ይህን ማንም አላቀደውም።

ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም። ወርቁ እኩል ነው። በአንበሶቹ ጎፈር ላይ ያለው ጥቁር መስመር ፀጉር ያህል ቀጭን ነው፤ አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም። ሄሪንጎቹ ላይ ቅርፊቱን አንድ በአንድ ሠርተውታል፤ በማጉያ መነጽር ቆጥሬ ሳልጨርስ ተውኩት። አንበሳው ወደ ዓሣ የሚቀየርበት ቦታ ላይ ቀለሙም ብረቱም መስመሩም በአንድ ጊዜ ይለወጣል፤ እዚያች ቦታ ላይ ጣቴን ላስቀምጥ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ማሠራት ለሚያስብ ሰው ሦስት ነገር እላለሁ። የሚጣመሩት አርማዎች ለራሳቸው ተገምሰው እንደሆነ መጀመሪያ እዩ። የመግመሱን ንድፍ ባትመርጡትም አሠሩት፤ ምን እንደሚጠፋ የሚያሳያችሁ እሱ ነው። ከሠርጉ በፊት አራት ወር ጀምሩ።

ሠርጉ ላይ እናትየዋ ፍሬሙን ከእጄ ተቀበለችና ለእንግዶቹ ፊት ከማዞሯ በፊት ለራሷ አየችው። ጣቷ መስታወቱ ላይ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለች። ዓሦቹን ነው የቆጠረችው።

የመጀመሪያውን ንድፍ ሠዓሊዋ ሊጥሉት ሲሉ ለምኜ ወሰድኩት። ከመቁረጫ ጠረጴዛዬ በላይ በመርፌ ሰክቼዋለሁ። ሦስት ግማሽ አንበሶች፣ አንድ ቁልፍ፣ ስፌቱ የማይታይ አንድ ቀይ ጋሻ።